የጥንቸል ጨቅላዎች አያያዝ

የጥንቸል ጨቅላዎች አያያዝ የሚባለው ለማዳ ጥንቸል ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ልጆቿ ጡት እስኪጥሉ ድረስ ባሉት ከ5 እስከ 6 ሳምንታት የሚደረግ ጥበቃ ነው። ከጨቅላዎቹ ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ዋናዎቹ ምክንያቶችም ብርድና ረሃብ ናቸው።

ደምበጫ በምዕራብ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሚረቡት ከብት፣ በግ፣ ዶሮና ንብ ሲሆኑ ጥንቸል ማርባት የተለመደ አይደለም። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከማይበሉት እንስሳት ጋር ስለተቆጠረች፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሥጋዋ አይበላም። በዚህም የተነሣ በእንዲህ ያለ ቦታ ጥንቸል ማርባት የሚጀምር ሰው ጎረቤቱን ጠይቆ የሚያገኘው ልምድ ጥቂት ነው። በግና ዶሮ በማርባት የተገኘው ልማድ ደግሞ ስለ ጥንቸል ሲሆን ያሳስታል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ስሙ ራሱ ነው። በኢትዮጵያ ሜዳና ቁጥቋጦ ውስጥ የሚታዩት የዱር ጥንቸሎች ከለማዳዋ የተለየ ወገን ናቸው፤ ለማዳዋ የመጣችው ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ የዱር ዝርያ ነው። አማርኛ ግን ሁለቱንም «ጥንቸል» ይላቸዋል። የዱሯ ልጆች ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የለማዳዋ ልጆች ግን ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ ጆሮአቸው ሳይሰማ የሚወለዱ ሲሆን ክብደታቸውም ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ግራም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ሰው የጨነገፉ ቢመስሉት አያስደንቅም።

የመውለጃ ሳጥን

የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ያህል ነው። በ28ኛው ቀን ገደማ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ቁመት ያለው የእንጨት ሳጥን በቤቷ ውስጥ ይቀመጥላታል። በጣም ቀደም ብሎ ከገባ መጸዳጃ ታደርገዋለች። የጤፍ ጭድ ለስላሳ በመሆኑ ለመነጠፊያ ይመቻል፤ እርጥብ ወይም የሻገተ ግን መሆን የለበትም። ጥንቸሏ ከሆዷና ከደረቷ ጠጉር እየነጨች ጎጆውን ታለብሳለች። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጡቶቿንም ለልጆቿ ይገልጥላቸዋል። ጠጉር ሳትነጭ ወይም ከሳጥኑ ውጭ የምትወልድ በተለይ በመጀመሪያ ወሊዷ ታጋጥማለች። ያን ጊዜ አርቢው ራሱ ከሆዷ ጥቂት ጠጉር ነቅሎ፣ ልጆቹን ከጠጉሩ ጋር ወደ ሳጥኑ ያስገባል። በወሊድ ጊዜ የሚላቀቅ ስለሆነ ጠጉሩ በቀላሉ ይነቀላል።

እናት የተወቻቸው ሲመስል

በግ እንደወለደች ግልገሏን ትልሳለች፤ ግልገሉም ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ ይጠባል። ዶሮ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር አቅፋ ታሞቃለች። ጥንቸል ሁለቱንም አታደርግም። ወልዳ ጎጆውን ከሸፈነች በኋላ ርቃ ትቀመጣለች፤ ወደ ልጆቿ የምትመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ይህ የዱር አያቶቿ ጠባይ ሲሆን የጎጆውን ቦታ ለአዳኝ እንስሳ ላለማሳየት ይጠቅማል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ሲያጠቡ አላየሁም ቢል እናትየው ክዳለች ማለት አይደለም። አዝኖ የላም ወተት በጠብታ ማጠጣት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ቢዋጥም አይበቃም። የላም ወተት ቅባት 4 በመቶ ገደማ ሲሆን የጥንቸል ወተት ግን ከ10 በመቶ በላይ ነው። በአንድ ጊዜ ጥባት ቀኑን ማሳለፍ የሚቻለውም በዚህ ነው።

ልጆቹ ማየት ባይችሉም የጡቱን ጫፍ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ያገኙታል፤ የሚመራቸው ጠረን ነው። በእናቲቱ ወተት ውስጥ ያለውን ይህን ጠረን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ለይተው አሳውቀዋል።

መጥባታቸውን ለማወቅ ሆዳቸውን ማየት ይበቃል። የጠባ ጨቅላ ሆዱ ክብ ብሎ ይወጠራል፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ያልጠባው ቆዳው ይጨማደዳል፣ ይንጫጫል። አርቢው በየቀኑ አንድ ጊዜ እጁን ታጥቦ፣ በእናቲቱ ጠጉር አሽቶ ጎጆውን ይፈትሻል፤ ይቆጥራል፣ የሞተ ካለ ያወጣል፣ የራሰውን ጭድ ይለውጣል። ሰው የለመደች ጥንቸል በዚህ ልጆቿን አትተውም። የእናቲቱ ጡት ብዙውን ጊዜ 8 ስለሆነ 11 ወይም 12 ከወለደች ደካሞቹ ይራባሉ። በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ ጥንቸል ካለች ትርፎቹ ወደ እርሷ ጎጆ ይጨመራሉ፤ ሁለት ጥንቸሎችን በአንድ ሰሞን ማስጠቃት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ብርድ

ከጥቅምት እስከ ጥር የጎጃም ደጋ ሌሊት ይበርዳል፤ ጨቅላዎቹ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጎጆአቸው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲሞቅ ይፈልጋሉ። ሙቀቱን የሚፈጥሩት ተቃቅፈው ነው። ስለዚህ ከጎጆው የወጣ አንድ ጨቅላ በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል። እናቲቱ ስትወጣ ከጡቷ ያልተላቀቀ ልጅ አብሮ ተጎትቶ ሊወድቅ ይችላል፤ እርሷም እንደ ድመት ልጇን ነክሳ አትመልስም። የሳጥኑ መግቢያ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይህን ይቀንሳል። የቀዘቀዘ ጨቅላ የሞተ ሊመስል ይችላል፤ በእጅ መዳፍ ወይም በልብስ ተጠቅልሎ በሞቀ ውኃ ጠርሙስ አጠገብ ቀስ ብሎ ከሞቀ በኋላ የሚነሣበት ጊዜ አለ። እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን ይጎዳዋል። ድመት፣ አይጥ፣ ሸለመጥማጥና ጉንዳን እንዳይደርሱም ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በጠባብ ሽቦ ይታጠራል።

እናቲቱ ልጇን መብላት የምትጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ሲጠማት ወይም ስትደነግጥ ነው። በጡት ማጥባት ወቅት የምትጠጣው በቀን ከ1 ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል ውኃ ከፊቷ መጥፋት የለበትም። ድርቆሽ፣ አልፋልፋና ጥቂት ፉርሽካ ይመግቧታል።

ዓይን እስኪገልጡና ጡት እስኪጥሉ

በሳምንታቸው ስስ ጠጉር ይለብሳሉ፤ በ10ኛው ወይም በ11ኛው ቀን ዓይናቸው ይገለጣል። በ12ኛው ቀን ተጣብቆ የቀረ ዓይን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። በሦስተኛው ሳምንት ከሳጥኑ እየወጡ ድርቆሽ መቀማመስ ይጀምራሉ። ብዙ እርጥብ ቅጠል በዚህ ዕድሜ ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥም ከብርድ ቀጥሎ ብዙዎችን የሚገድል ነው።

ወንዱ ከመውለዷ በፊት መለየት አለበት፤ ጥንቸል በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና መፀነስ ትችላለችና። ጡት ሲጥሉም ከቤቱ የምትወጣው እናቲቱ ብትሆን ይሻላል፤ ልጆቹ በለመዱት ቦታና በለመዱት ምግብ ጥቂት ቀን ይቆያሉ። ሦስት ወር ሳይሞላቸው ወንዱና ሴቷ ይለያሉ።