ድንኳኑን ማን ይትከል?

ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ በሳይታማ ግዛት ካዋጉቺ ከተማ፣ ሺባዞኖ የሚባል የኪራይ አፓርታማ መንደር አለ። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ወደ 2,500 የሚጠጉት ቤቶቹ የተሠሩት ለጃፓናውያን ቤተሰቦች ነበር። ልጆቻቸው አድገው ወጡ፤ ወላጆቹ እዚያው አረጁ። በባዶው ቤት የገቡት በአብዛኛው ወጣት ቻይናውያን ናቸው። ዛሬ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የውጭ ዜጋ ነው።

ለምን እዚያ ተሰበሰቡ ለሚል፣ ቶኪዮ ውስጥ ቤት ፍለጋ መውጣት ይበቃዋል። የግል አከራይ ዋስ አምጣ ይላል፤ ከመያዣው ሌላ የማይመለስ የ"ምስጋና" ገንዘብ ይቀበላል፤ ባዕድነትህን ሲያውቅ ደግሞ ቤቱ ድንገት ተይዟል። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቤት ከፈለጉት የውጭ ዜጎች 39.3 በመቶ የሚሆኑት ባዕድ በመሆናቸው ተከልክለዋል። የሺባዞኖ አከራይ የሆነው ዩአር የተባለው መንግሥታዊ ድርጅት ግን ዋስም፣ የደላላ ክፍያም፣ የምስጋና ገንዘብም አይጠይቅም። የመኖሪያ ፈቃድና በቂ ገቢ ያለው ይገባል። ከተሞችና ግዛቶች ለዝቅተኛ ገቢ የሚያከራዩት ቤት ሌላ ነው፤ እሱ በዕጣ ነው፣ ዕጣ ደግሞ እንደምናውቀው ነው።

የውጭ ዜጎች የቤት ችግር በየቦታው መልኩ ይለያያል። በቶዮታ ከተማ ሆሚ መንደር የሰፈሩት ብራዚላውያን፣ በ1990 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ የኢሚግሬሽን ሕግ ለጃፓናውያን ዝርያዎች በር ሲከፍት የመጡ ናቸው። ብዙዎቹን ለመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ የቀጠሯቸው አገናኝ ኤጀንሲዎች ነበሩ፤ ቤቱንም በድርጅት ስም የተከራዩት እነሱ። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ቤቱንም ይለቃል። ነገ ይሂድ ይቆይ የማያውቅ ሰው የጎረቤቱን ስም ለማጥናት ምን ያስቸኩለዋል? በ2009 መንግሥት ሥራ ላጡት 300,000 የን ሰጥቶ ወደ አገራቸው ሲሸኛቸው ጥርጣሬያቸው እውነት ሆነ።

ስለዚህ በእነዚህ መንደሮች የሚነሳው የቆሻሻና የጫጫታ ክርክር የዘር ጠብ ብቻ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። የሚቃጠለውን ቆሻሻ ከማይቃጠለው ለይቶ በተወሰነው ቀን ማውጣት ለአዲስ ሰው ፈተና ነው፤ ማታ የሚሯሯጥ ሕፃን ደግሞ የየትም አገር ይሁን ከታች ያለውን አዛውንት እንቅልፍ ይነሳል። የዘር ጥላቻ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በሺባዞኖ አደባባይ ጠረጴዛዎች ላይ ቻይናውያንን የሚሳደብ ጽሑፍ ተገኝቶ ነበር። ተማሪዎችና ነዋሪዎች በ2015 ቀለም ነክረው የእጃቸውን አሻራ አተሙበት፤ ስድቡ ተሸፈነ።

ከስድቡ ይልቅ ልብ የሚሰብረው የመንደሩ የበጋ በዓል ይመስለኛል። የሚያዘጋጀው የነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ እንደ እኛ እድር መዋጮም ጉልበትም ይጠይቃል። መድረክ የሚያቆሙት፣ ድንኳን የሚተክሉት ያረጁት ጃፓናውያን ናቸው፤ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው የሚዝናኑት በአብዛኛው አዲሶቹ። የሽማግሌዎቹ ቅሬታ ጥላቻ አይደለም፣ ድካም ነው። ከአዲሶቹም ብዙዎቹን ማኅበር መኖሩን የነገራቸው የለም።

የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት የመራው ኦካዛኪ ሂሮኪ ከትልቅ ወዳጅነት በፊት ሳይቀያየሙ መኖርን ያስቀደመ ሰው ነው። ግቡ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ የባህል ትርኢት ይልቅ እሱን አምናለሁ። ኮሚቴ ውስጥ የገቡ ቻይናውያንም ተገኝተዋል። ሆኖም የተሻለ ገቢ ያገኘ ቤት ገዝቶ ይወጣል፤ በምትኩ የሚገባው ቤተሰብ ደግሞ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ከመጠየቅ ይጀምራል።