መርከብ ላይ ብትታመሙ ቪዛ በሌላችሁ ሀገር መውረድ ትችላላችሁ?



«ባህር የሌለን ሰዎች ስለ መርከብ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ግን ከላፍቶ፣ ከጀሞ፣ ከለቡ በውስጥ መስመር ከሚጽፉልኝ መካከል ልጃቸው ወይም ወንድማቸው ባህር ላይ የሚሰራ ሰዎች አሉ። ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ተመርቀው በውጭ ኩባንያ መርከቦች ላይ የተቀጠሩ ልጆች አሉን። የኢትዮጵያን ባንዲራ በያዙት የራሳችን መርከቦች ላይ የሚሰሩም አሉ። ውጭ ያሉ ልጆቻቸው ለመዝናኛ መርከብ፣ ማለትም ለክሩዝ፣ የሚጋብዟቸው ወላጆችም አሉ። ክፍለ ከተማችንም ቢሆን ከባህር ያን ያህል አልተቆረጠም፤ የጅቡቲው ባቡር የሚነሳው ከዚሁ ከለቡ ነው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ መሃል ጉዞ ላይ ታሞ ቪዛ የሌለው ሀገር ወደብ ላይ ቢደርሱ፣ ወርዶ መታከም ይችላል?»

አዎ፣ ይችላል። የባህር ሠራተኞች ኮንቬንሽን የሚባል በ2006 የጸደቀ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ) ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ስምምነቱን የተቀበሉ ሀገራት አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ባህረኛ ወደባቸው ላይ ከደረሰ የየብስ ሆስፒታል እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ለአስቸኳይ ባልሆነ ነገርም፣ ለጥርስም ቢሆን፣ መርከቡ በቆመበት ወደብ በተቻለ መጠን ሀኪም የማየት መብት አለው። ይህ ግን ለመታከም የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ከዳናችሁ በኋላ በዚያ ሀገር ለመቆየት ወይም ከተማ ለመዞር አይሆንም። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ሰዎች ናቸው ኋላ ችግር ውስጥ የሚገቡት።

እውነቱን ለመናገር እኔን ከቪዛው በላይ የሚያሳስበኝ መደበቁ ነው። ባህረኛ ልጆች «ካወቁብኝ ኮንትራቴን ያቋርጡታል» ብለው ህመማቸውን ይደብቃሉ። ለምን እንደሚፈሩ ይገባኛል፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብ አለ። ግን የጭነት መርከብ ላይ ሀኪም የለም። በስምምነቱ መሰረት ሀኪም መያዝ ግዴታ የሚሆነው 100 እና ከዚያ በላይ ሰው ይዞ ከ3 ቀን በላይ ዓለም አቀፍ ጉዞ ለሚያደርግ መርከብ ነው። ሃያ ምናምን ሰው ባለበት የጭነት መርከብ ላይ ያለው የሕክምና ስልጠና የወሰደ መኮንንና የመድኃኒት ሳጥን ነው። መኮንኑ ግን ብቻውን አይደለም። በማንኛውም ሰዓት ከየብስ ሀኪም በሬዲዮ ወይም በሳተላይት በነጻ ምክር ማግኘት ይችላል። ሮም ያለው ቺርም የሚባለው ማዕከል ከ1935 ጀምሮ ይሄንኑ ይሰራል። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ካፒቴኑ የሚቀርበውን ወደብ ማሰብ ይጀምራል። ዘግይታችሁ ከተናገራችሁ ግን ወደቡ ከኋላ ቀርቶ የሚቀጥለው የሦስት ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ህመም ነው የማይጠብቀው?

ትርፍ አንጀትን እንውሰድ። ህመሙ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ይሆንና በሰዓታት ውስጥ ወደ ታች ወደ ቀኝ ጎን ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ትኩሳት ይከተላል። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የህመም ማስታገሻ እየዋጡ ፈረቃ መግባት እዚህ ላይ አደገኛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ህመሙ በድንገት ቀለል ይላል። ያኔ «ተሻለኝ» እንዳትሉ፤ ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ይሰማል፣ ከዚያ ሆድ በሙሉ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። መርከቡ ላይ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ጊዜ ይገዛል እንጂ ወደብ መድረስን አይተካም።

ደረት የሚጨመድድና ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ህመም፣ በድንገት ፊት መጣመም ወይም አንደበት መያያዝ፣ ደም ማስታወክ፣ እነዚህ ደቂቃ አይሰጡም፣ ወዲያው ተናገሩ።

ትኩሳትን ለብቻው ላንሳው። የምዕራብ አፍሪካ ወደቦችን ነክታችሁ ከወጣችሁ ከሳምንት በኋላ ወይም በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ በምርመራ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ወባ ነው ብላችሁ አስቡ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አይለምድም፤ በቀናት ውስጥ ሊከብደው ይችላል። ለመርከቡ መኮንንም ለወደብ ሀኪሙም የነካችኋቸውን ወደቦች ንገሩ፣ ካልነገራችሁት ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

ትኩሳት ሌላም ጣጣ አለው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሰረት ካፒቴኑ ተላላፊ ሊሆን የሚችል ህመም መርከቡ ላይ ካለ ወደብ ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ አለበት። ወደቦች በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚጨክኑ በ2020 አይተናል። ዌስተርዳም የተባለው ክሩዝ በኮሮና ፍርሃት በበርካታ ሀገራት ተከልክሎ በመጨረሻ ካምቦዲያ ነው የተቀበለችው።

ከወረዳችሁ በኋላ

ባህረኛ ከሆናችሁ ቁልፉ ሰው ወደቡ ላይ ያለው የመርከቡ ኤጀንት ነው። ኢሚግሬሽን ጋር ጨርሶ፣ ሆስፒታል ወስዶ፣ ቲኬት ቆርጦ የሚልካችሁ እሱ ነው። አሜሪካ ላይ የባህረኛ የመውረጃ ፈቃድ ቢበዛ 29 ቀን ነው። ሆስፒታል የሚያቆያችሁ ከሆነ «ዶክተሩ አላስወጣኝም» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ኤጀንቱ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለባለሥልጣናቱ ማሳወቅ አለበት።

ወጪውስ? የሕክምናውና ወደ ሀገር የመመለሻው ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው። ሀገራት የሕክምናውን ግዴታ በጊዜ ሊገድቡት ይችላሉ፣ ግን ከ16 ሳምንት በታች ማውረድ አይችሉም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ስትቀጠሩ ሆን ብላችሁ የደበቃችሁት ህመም ከሆነ ባለቤቱ ከዚህ ኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ለሚታደሰው የባህረኛ የጤና ሰርተፍኬት ስትመረመሩ የሚጥል በሽታን፣ ስኳርን፣ ግፊትን አትደብቁ የምንለው ለዚህም ጭምር ነው። ግፊት ያለበት ሁሉ አይከለከልም፤ በመድኃኒት የተስተካከለ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ለክሩዝ የሚሄዱ ወላጆች ነገር ይለያል። የባህረኛው ስምምነት እነሱን አይመለከትም፤ ያላቸው ፓስፖርትና ቪዛቸው፣ ኢንሹራንሳቸውም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን ነክቶ የሚመለስ መርከብ ላይ መሳፈር ማለት መመለሻው ላይ መቆም ማለት ነው፤ መንገዱን ኤምባሲው ላይ ሳታጣሩ ቲኬት አትቁረጡ። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስም ግዴታው ለሸንገን ሀገራት ብቻ ነው። እናታችሁ ቱርክ ወደብ ላይ ብትወርድ ይሰራል ወይ? የሚለውን ፖሊሲው ላይ አንብቡ። ሸንገን ውስጥ ሆስፒታል ተኝታ ቪዛዋ ሊያልቅ ከሆነ ግን ሳያልቅ የሀኪም ወረቀት ይዞ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ በከባድ ህመም ምክንያት የሚራዘም ቪዛ ክፍያ የለውም።

ክሩዝ ላይ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ መርከቡ ጽሕፈት ቤት ነው የሚቀመጠው። በቃሬዛ እየወረዱ ፓስፖርት ትዝ የሚለው የለም። አብሯችሁ ያለ ሰው ፓስፖርቱን፣ የመርከቡን ሀኪም የጽሑፍ ሪፖርትና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ከነካርቶናቸው ሳይቀበል መሰላሉን አይውረድ።

ወደ ቤት ስንበርስ?

የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መሆን ነው፣ አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል እዚያው ናት። ለእኛ ምንም አይመስለንም። ባህር ጠለል ላይ ሆዱ የተሰፋ ሰው ውስጥ ግን የታመቀ ጋዝ በሲሶ ያህል ይለጠጣል፣ ስፌቱን ይወጥራል። በካሜራ በትንሽ ቀዳዳ ለተሰራ ቀዶ ጥገና አንድ ሁለት ቀን፣ ለቀላል የሆድ ቀዶ ጥገና ከ4 እስከ 5 ቀን፣ ለከባዱ 10 ቀን ገደማ መጠበቅ የተለመደ ነው። ውሳኔው የቀዶ ሀኪሙ ነው፤ አየር መንገዱም «መብረር ይችላል» የሚል ቅጽ ይጠይቃል። ኤጀንቱ ቲኬቱን ለነገ ቆርጦት ከሆነ ለሀኪሙ ንገሩት፣ ማስቀየር ይቻላል። ስትበሩም እግራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ ውሃ እየጠጣችሁ፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ረጅም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

የቢጫ ወባ ካርዳችሁም አብሯችሁ ይሁን። ያላሰባችሁት ወደብ ላይ ስትወርዱ በሽታው ካለበት ሀገር እንደመጣ መንገደኛ ልትቆጠሩ ትችላላችሁ። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚሰራው፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ሆስፒታሉ ትራማዶል ወይም ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ ከሰጣችሁ ማዘዣውን ያዙ፤ በዱባይ ወይም በጅዳ ስታልፉ ያለ ወረቀት መያዝ ሊያሳስር ይችላል።

አዲስ አበባ ስትደርሱ ለማየት የምጠይቃችሁ የሆስፒታሉን መውጫ ማጠቃለያ ነው። በቻይንኛም ሆነ በፖርቹጋልኛ ይሁን አምጡት፣ የመድኃኒቶቹ ስምና የላብራቶሪው ቁጥር ይነበባል። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም፣ ቤት ላለ ሰው ቴሌግራም ላይም አስቀምጡት።

ባህር ላይ ሰው ያላችሁ ይሄን ላኩላቸው፣ አሁኑኑ ይድረሳቸው።