የኢንተርኔት ገለልተኝነትና የሕንድ ዜጎች ተሳትፎ

የኢንተርኔት አገልግሎት ትምህርት፣ ንግድ፣ የጤና መረጃና የመንግሥት አገልግሎት ለዜጎች ከሚደርስባቸው ዋነኛ መንገዶች አንዱ ከሆነ ወዲህ፣ የመስመሩ ባለቤት በመስመሩ በሚያልፈው መረጃ ላይ ምን ያህል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል የሚለው ጥያቄ በበርካታ አገሮች ፖሊሲ አውጪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ያሳለፈችው ሂደት ተራ ዜጎች ተደራጅተው በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ለማስለወጥ የቻሉበት በመሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚለው ስያሜ የታወቀው አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ቲም ዉ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። በመርሁ መሠረት አገልግሎት አቅራቢዎች በመስመራቸው የሚያልፈውን ማንኛውንም ሕጋዊ መረጃ በእኩልነት ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል። አንዱን ድረ ገጽ አፍጥነው ሌላውን ማዘግየት፣ መዝጋት ወይም እንደ ይዘቱ የተለያየ ዋጋ ማስከፈል አይፈቀድላቸውም። ጉዳዩን በኤሌክትሪክ አገልግሎት መስሎ ማየት ይቻላል። ኃይል አቅራቢው ደንበኛውን የሚያስከፍለው በተጠቀመበት መጠን እንጂ፣ ማቀዝቀዣው በየትኛው ፋብሪካ እንደተሠራ እየለየ አይደለም።

በሕንድ ክርክሩ የተቀሰቀሰው ኤርቴል የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በኢንተርኔት ለሚደረግ የድምፅ ጥሪ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠይቅ ባስታወቀ ጊዜ ነበር። ኩባንያው ከተጠቃሚዎች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው እቅዱን በቀናት ውስጥ አንሥቷል። የቴሌኮም ኩባንያዎች በበኩላቸው፣ መሠረተ ልማቱን በከፍተኛ ወጪ የሚዘረጉት እነርሱ ሆነው ሳለ የጥሪና የመልእክት አገልግሎቶች በዚያው መስመር እየተጠቀሙ ገቢያቸውን እንደቀነሱባቸው ይከራከሩ ነበር።

የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በጉዳዩ ላይ የሕዝብ አስተያየት ለመሰብሰብ መጋቢት 27 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. 118 ገጾችና 20 ጥያቄዎች ያሉት የምክክር ሰነድ አወጣ። ሰነዱ በቴክኒክና በሕግ ቃላት የተሞላ በመሆኑ ለተራው ተጠቃሚ በቀላሉ የሚገባ አልነበረም። በዚህ ጊዜ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች የሚገኙባቸው በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ሰነዱን በአጭሩና በግልጽ ቋንቋ አብራሩ። ለጥያቄዎቹም ማንኛውም ሰው እንደ ፍላጎቱ አሻሽሎ ሊልከው የሚችል ረቂቅ መልስ አዘጋጁ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያው ኒክሂል ፓህዋ ከአስተባባሪዎቹ መካከል ይገኙበታል። በዚህም ከአንድ ሚሊዮን በላይ መልእክቶች ለባለሥልጣኑ ደረሱ። ይሁንና ባለሥልጣኑ መልእክቶቹን ከላኪዎቹ የኢሜይል አድራሻ ጋር ይፋ በማድረጉ ከፍተኛ ወቀሳ ደርሶበታል።

ሁለተኛው የክርክር ምዕራፍ ፌስቡክ ከአንድ የአገሪቱ የቴሌኮም ኩባንያ ጋር በመሆን ያቀረበውን "ፍሪ ቤዚክስ" የተሰኘ አገልግሎት የሚመለከት ነበር። አገልግሎቱ የተመረጡ ድረ ገጾችን ያለ ዳታ ክፍያ ለመጠቀም ያስችላል። ኩባንያው አገልግሎቱ ኢንተርኔት ያላገኙ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዜጎችን የሚያግዝ መሆኑን ገልጾ፣ ተጠቃሚዎቹ የድጋፍ መልእክት ለባለሥልጣኑ እንዲልኩ ቀስቅሷል። ተቃዋሚዎቹ ግን ድሃው ዜጋ የሚያየውን አንድ ኩባንያ የሚመርጥለት ከሆነ ሁለት ዓይነት ኢንተርኔት ይፈጠራል፤ አዲስ የሚቋቋሙ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ከገበያው ይገፋሉ ሲሉ ሞግተዋል።

ባለሥልጣኑ የቀረቡለትን አስተያየቶች ሲመረምር ብዛታቸውን ብቻ አልቆጠረም። ከተላኩት የድጋፍ መልእክቶች አብዛኞቹ በምክክር ሰነዱ ለተነሡት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የማይሰጡ መሆናቸውን አመልክቷል። የካቲት 8 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብም አገልግሎት አቅራቢዎች በይዘት ላይ ተመሥርተው የተለያየ የዳታ ዋጋ እንዳያስከፍሉ ከልክሏል። ደንቡን የሚተላለፍ ኩባንያ በቀን 50 ሺህ ሩፒ፣ በጠቅላላው እስከ 5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲቀጣ ተደንግጓል። ለአስቸኳይ አደጋ ጊዜ አገልግሎቶች ግን ልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። ፌስቡክም በዚያው ሳምንት አገልግሎቱን በሕንድ አቋርጧል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ሰፋ ያሉ የገለልተኝነት ድንጋጌዎችን በማጽደቅ ድንጋጌዎቹ በአገልግሎት አቅራቢዎች ፈቃድ ውስጥ እንዲካተቱ አድርጓል።

የአሜሪካ ተሞክሮ በአንጻሩ የተለየ መልክ አለው። በዚያ አገር የገለልተኝነት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ በ2017 ተሽሯል፤ በ2024 ዳግም ቢወጣም በጥር 2025 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል። በ2017 ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ከደረሱት ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶች ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጉት ሐሰተኛ እንደነበሩ የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2021 ይፋ ባደረገው የምርመራ ሪፖርት ተረጋግጧል።

ከሁለቱ አገሮች ተሞክሮ መረዳት እንደሚቻለው፣ የሕዝብ ምክክር ትክክለኛ ውጤት የሚያስገኘው ሰነዱ ለዜጋው በሚገባ ቋንቋ ሲቀርብ፣ የአስተያየት ሰጪው ማንነት ሲረጋገጥና የግል መረጃው ሲጠበቅ፣ እንዲሁም ውሳኔው ከድምፅ ብዛት ይልቅ በቀረበው ምክንያት ላይ ሲመሠረት ነው። እኩል ተደራሽነት በክልከላ ብቻ የሚረጋገጥ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በሕንድ የዳታ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ የቀነሰው ጂዮ የተባለ አዲስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ወደ ገበያው ገብቶ ውድድሩን ካጠናከረ በኋላ ነው። ደንቡ የመስመሩን ፍትሐዊነት ሲጠብቅ፣ ውድድሩ ደግሞ ዋጋውን ወደ ድሃው አቅም አቅርቧል።