ቀላል የመጫኛ ፕሮግራም እንዴት ይነደፋል?

ኮምፒዩተር ያለ ሥርዓተ ክወና ግዑዝ ዕቃ ነው። ሥርዓተ ክወና ማለት የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች አስተባብሮ የሚያሠራና ሌሎች ፕሮግራሞች ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚያስችል ዋና ፕሮግራም ነው። ይህን ዋና ፕሮግራም ከሲዲ ወይም ከፍላሽ ዲስክ ወስዶ በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ በሥርዓት የሚያስቀምጠው ደግሞ የመጫኛ ፕሮግራም ይባላል። አንዳንድ ሥርዓተ ክወናዎች ምንጫቸው ክፍት ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው ኮዳቸውን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላው እንዲያድል የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ መጫኑ አስቸጋሪ ከሆነ፣ ለሁሉ የተሰጠው ፈቃድ የጥቂት ባለሙያዎች መጠቀሚያ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ መሀል ኪኩቦ የሚባል የጅምላ ንግድ ሥፍራ አለ። ስሙ በሉጋንዳ ቋንቋ ጠባብ መተላለፊያ ማለት ነው። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ወረዳዎች፣ እንዲሁም ከደቡብ ሱዳንና ከኮንጎ የሚመጡ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከዚያ ይሸምታሉ። በዚህ ሥፍራ የሚሠራ አንድ ጅምላ ሻጭ የዱቤ ደንበኞቹን መዝገብ በአሮጌ ኮምፒዩተር ይይዛል ቢባል፣ ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍበት አነስተኛ ሥርዓተ ክወና ሊጭንበት ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን የመጫኛው ፕሮግራም በማይገባው ቃል ጠይቆት «እሺ» የሚለውን ቢጫን፣ ዲስኩ ተደምስሶ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚያሳየው መዝገብ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመጫኛ ፕሮግራም ነዳፊ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብለት የሚገባው ለአዲሱ ሥርዓተ ክወና ሳይሆን፣ በዲስኩ ላይ ቀድሞ ለተቀመጠው ንብረት ነው።

የመጫን ሥራ በመሠረቱ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩ ዲስኮች ተለይተው ይታወቃሉ። ቀጥሎም ከዲስኩ ላይ ለአዲሱ ሥርዓተ ክወና የሚሆን ክፍል ይከለላል። በሦስተኛ ደረጃ ፋይሎቹ ወደዚያ ክፍል ይገለበጣሉ። በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ ሲበራ አዲሱን ሥርዓተ ክወና ፈልጎ የሚያስነሳ አጭር ፕሮግራም በቦታው ይቀመጣል። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ይህ ማስነሻ የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ ነው። የዲስኩን ክፍሎች የሚያመለክተው ሠንጠረዥም እዚያው ይገኛል። በዚህች ጠባብ ሥፍራ ላይ በስሕተት ከተጻፈ፣ ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ እያሉ እንኳ መንገዳቸው ይጠፋል።

በጥንቱ ጊዜ እነዚህን ደረጃዎች ተጠቃሚው ራሱ በእጁ ያከናውናቸው ነበር። የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ሲያደርግ፣ ሥራው ይሰራጭ የነበረው የዲስክን አሠራር ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነበር። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የኮምፒዩተር ማእከል ይሠራ የነበረው ኦወን ሌ ብላንክ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ከዝርዝር ውስጥ በማስመረጥ የሚጭን ጥንቅር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እየቀለለ መጣ። ስሙን ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የወሰደው ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው እትሙ፣ ሰው ሥርዓተ ክወናውን ከሲዲው ላይ አስነሥቶ ከሞከረ በኋላ ከዚያው ሳይወጣ እንዲጭነው አስችሏል። ሞክሮ መጫን፣ ቀምሶ እንደ መግዛት ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ልምድ ለነዳፊ የሚጠቅሙ ጥቂት መመሪያዎች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ጥያቄዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ሁሉም በመጀመሪያ ይጠየቁ። ኮምፒዩተሩ ራሱ መርምሮ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ከሰው መጠየቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ዲስኮች በምሥጢራዊ ምልክት ብቻ አይጠሩ። «500 ጊጋባይት የውስጥ ዲስክ፤ ፋይሎች አሉበት» የሚል መግለጫ ከማንኛውም የኮድ ስም ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ምርጫው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጠቃልሎ ታይቶ ባለቤቱ እስኪያረጋግጥ ድረስ በዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አይጻፍ። ከዚያ በፊት የተቋረጠ ሥራ ምንም ጉዳት አያስከትልም።

አራተኛ፣ ማስነሻው በመጨረሻ ይጻፍ። ፋይሎቹ በባዶው የዲስክ ክፍል ላይ በመገልበጥ ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ፣ አሮጌው ማስነሻ ስላልተነካ ኮምፒዩተሩ በቀድሞው ሥርዓተ ክወና ሊነሣ ይችላል። ማስነሻው አስቀድሞ ተቀይሮ ቢሆን ግን አሮጌውም አዲሱም ባልተገኘ ነበር።

አምስተኛ፣ የተገለበጠው ፋይል ከምንጩ ጋር ይመሳከር። አንድ ጉድለት ከተገኘም ፕሮግራሙ የቁጥር ምልክት አሳይቶ ከሚቆም ይልቅ፣ ምን እንደ ደረሰና ምን መደረግ እንዳለበት በግልጽ ቃል ይንገር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው አንባቢው ሲረዳው ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የአማርኛ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ በመካተቱ፣ እያንዳንዱ ሆሄ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ቁጥር አገኘ። ከዚያም ዴቢያን የተባለው ምንጩ ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው እትሙ፣ አማርኛን በመጫኛ ፕሮግራሙ ቋንቋዎች ውስጥ ጨመረ። የቋንቋዎቹም ብዛት 63 ደረሰ። ሆኖም አማርኛው ይታይ የነበረው በሥዕላዊው ገጽ ብቻ ነበር። ተራው የጽሑፍ ገጽ በተለምዶ 256 ያህል ቅርጾችን ብቻ ለማሳየት የተበጀ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ ግን ብቻቸውን 231 ይሆናሉ። ከላቲን ፊደላት፣ ከአኀዝና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር በዚያ ገጽ ሊበቁ አልቻሉም። ስለዚህ ቃላቱን መተርጎም ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ፊደሉን የሚሸከም ገጽም አስፈለገ።

በአጠቃላይ የመጫኛ ፕሮግራም የሥርዓተ ክወናው ደጃፍ ነው። ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ደጃፉ እንግዳውን የሚያሰናክል ከሆነ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ አይኖርም። መልካም ነዳፊ ተጠቃሚው ሁሉን እንዲያውቅ አይጠብቅም፤ ሳያውቅ እንዳይጎዳ አስቀድሞ ያስብለታል እንጂ።