ቀባሪ ላጡ ቀባሪዎች

«ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ ሽማግሌ ሞት እንደማይቀር ያውቃል፤ የሚፈራው አፈር የሚያለብስ ሰው መጥፋቱን ነው። ሮም ውስጥ ይህን ፍርሃት ለማያውቁት ሰው ሲሉ የተሸከሙ ምእመናን ነበሩ።

በቪያ ጁሊያ ጎዳና፣ ከቴቬሬ ወንዝ አጠገብ፣ «የጸሎትና የሞት ቅድስት ማርያም» የምትባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። በፊት ለፊት ግድግዳዋ ላይ አጽም የተቀረጸባቸው የምጽዋት ሰሌዳዎች ይታያሉ። በ1694 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተቀረጸው ጽሑፍ ከገጠር ለሚነሡ ድሆች ሙታን ምጽዋት ይለምናል። «ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ» የሚል የላቲን ቃልም አላፊ አግዳሚውን ያስታውሰዋል።

ምጽዋቱን የሚሰበስበው በ1538 የተመሠረተው የወንድማማቾች ማኅበር ነበር። ሥራው ባለቤት ያጣ አስከሬን ማንሣት ነው፦ ወንዝ የተፋውን፣ መንገድ ላይ የወደቀውን፣ ለአጨዳ መጥቶ ወባ ሜዳ ላይ ያስቀረውን የቀን ሠራተኛ። ወሬው ሲደርሳቸው ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ፊታቸውን በቆብ ሸፍነው፣ ቃሬዛ ይዘው ይወጣሉ። ከቆቡ ሥር ያለው መኳንንት ይሁን አናጺ አይለይም፤ ምስጋና የሚቀበልም የለም።

እድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ እድር በቅድሚያ የሚደርሰው ወርኃዊ መዋጮውን ለከፈለ አባሉ ሲሆን፣ እነዚህ ግን አንዲት ሳንቲም ላላዋጣ፣ ስሙ እንኳ ለማይታወቅ ሰው ነበር የሚወጡት። ከ1552 እስከ 1896 ከ8,000 በላይ ሰዎችን ቀብረዋል። ከቤተ ክርስቲያኗ ሥር ባለው ምድር ቤት የአንዳንዶቹ አጽም ተደርድሮ ይታያል፤ በአንዳንዱ የራስ ቅል ላይ ሟቹ መቼና እንዴት እንደሞተ ተጽፎበታል። መቃብሩ ሰፊ ነበር፤ በ1886 ለወንዙ ግንብ ሲሠራ አብዛኛው ፈረሰ።

ይህ ሁሉ ድካም ከየት መጣ? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተራበን ማብላት፣ የታመመን መጠየቅና ሌሎቹም ተደምረው ስድስት የምሕረት ሥራዎች ተቆጥረዋል። ሰባተኛውን፣ ሙታንን መቅበርን፣ ቤተ ክርስቲያን የጨመረችው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ የሚገኘው ይህ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሳለ የተገደሉ ወገኖቹን በስውር ይቀብር ነበር። ሀብቱን በዚሁ ሰበብ ተወርሷል፤ ያም ሆኖ በበዓል ቀን ምግቡን ሳይቀምስ ተነሥቶ የወደቀ አስከሬን አንሥቷል፣ ጎረቤትም ሥቆበታል።

የሮማ ካቶሊክ ሥርዓተ ቀብርም ይህንኑ ክብር ይናገራል። በዋዜማ ጸሎት ይጀመራል፣ በቅዳሴ ይቀጥላል፣ በመቃብሩ ዳር በሚደረግ የቀብር ጸሎት ይፈጸማል። በአስከሬኑ ላይ የሚረጨው ጠበል የጥምቀቱ መታሰቢያ ነው፤ ዕጣኑ ሥጋው የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደነበር ይመሰክራል፤ በአጠገቡ የሚበራው የፋሲካ ሻማ ትንሣኤን ያመለክታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1963 ወዲህ አስከሬን ማቃጠልን ብትፈቅድም፣ በ2016 ባወጣችው መመሪያ አመዱ በተቀደሰ ስፍራ እንዲያርፍ እንጂ እንዳይበተን አዝዛለች። አመድም ቢሆን የሰው ነውና ቦታ ይገባዋል።

በ2015 መጀመሪያ፣ በቫቲካን አካባቢ ጎዳና ላይ ይኖር የነበረ አንድ ቤልጂየማዊ አዛውንት በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ አጠገብ ባለው የቴውቶኒክ መካነ መቃብር ተቀበረ። በቅዳሴ ላይ የሚያዩት ሰዎች ሲጠፋባቸው ጊዜ ፈልገው ያገኙት ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ውስጥ፣ ጠያቂ አጥቶ ነበር። ቃሬዛ ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ወንድም ቀርቷል፤ «ያ ሰውዬ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ለእሱ አልጠፋም።