በደመወዝ የሚጦር ሰው

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ሲመረቅ የሚታሰበው ልጅ ነው እንጂ ቅጥር ሠራተኛ አይደለም። በአሜሪካ ግን ብዙ አረጋዊ በቤቱ የሚጦረው በደመወዝ ነው። ከአገራችን ሄደው በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖችም ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ሰው በባዕድ እጅ ሲጦር፣ በደንብ መጦሩን ማን ያውቃል?

በሆስፒታል ሐኪሙም ነርሷም፣ አጠገብ የተኛው በሽተኛም ያያል። በቤት ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ያሉት ሠራተኛዋና በሽተኛዋ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ደንብ ያስፈልጋል።

በ1987 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣው ሕግ መነሻነት፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን የሚከፍላቸው ድርጅቶች የሚያሰማሩት የቤት ለቤት ጤና ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት። ከዚህም 16ቱ ሰዓት በአስተማሪ ፊት የሚሠራ ልምምድ ነው። ከዚያም በየዓመቱ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለ። የነርስ ሕክምና የሚሰጠው በሽተኛ ከሆነ፣ አንድ ባለሙያ ቢያንስ በየ14 ቀኑ የረዳቱን ሥራ ይመረምራል። ድርጅቱም ራሱ ቢዘገይ በ36 ወር አንድ ጊዜ ይፈተሻል፤ በሽተኛውም አቤት የሚልበት የስልክ ቁጥር ይነገረዋል።

75 ሰዓት ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ማየትን ያስተምራል። ከአልጋ በማትነሣ እናት ተረከዝ ላይ ቀይ ምልክት ሲታይ፣ ያልተማረ ሰው አጥቦ ያልፈዋል። የተማረች ረዳት ግን ቁስል ሊሆን መጀመሩን ዐውቃ በዚያው ቀን ለነርሷ ትነግራለች። ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርም ጥበብ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ተጧሪዋም ትወድቃለች፣ የረዳቷም ወገብ ይጎዳል።

ነገር ግን ደንቡ አንድ ትልቅ ክፍተት አለው። ምግብ ለማብሰል፣ ለማጠብና ለማልበስ ብቻ ለሚቀጠር የግል ረዳት፣ ለመላው አገር የተደነገገ የሥልጠና ሰዓት የለም። ጉዳዩ ለየክፍለ አገሩ መንግሥት የተተወ በመሆኑ፣ አንዱ ጋ ብዙ ሰዓት ሲጠየቅ ሌላው ጋ ምንም አይጠየቅም። ተጧሪዋ ግን እዚህም እዚያም ያችው ደካማ እናት ናት፤ የምትወድቅበትም ወለል ያው ነው።

እንግዲህ በባሕር ማዶ በዚህ ሥራ የተሰማራች አክስት፣ ወይም በባዕድ እጅ የሚጦሩ አያት ያሉን ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስንት ሰዓት ሠለጠነች? ሥራዋን መጥቶ የሚያይ ማን ነው? ጥፋት ቢገኝ አቤት የሚባለው ወዴት ነው? መልስ የታጣለት ቤት፣ ደመወዝ ቢከፈልበትም ጧሪ አለው ለማለት ያስቸግራል።