«ሮማንስ»፦ ከሮም የተነሣው ቃልና የወሎ አቻው

ደሴ፦ «ሮማንስ» የሚለው ቃል ከፊልም፣ ከሙዚቃና ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር ከተማችንንም ገጠራችንንም አዳርሷል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወጣቱ የፍቅር ስሜትን ይገልጽበታል፤ ገራዶን በመሰሉ የገጠር አካባቢዎች ደግሞ ታላላቆች ቃሉን ከነውር ጋር አያይዘው ሊያልፉት ይችላሉ። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ? በመጀመሪያስ ምን ማለት ነበር?

የቃሉ ሥር የከተማ ስም ነው፤ ሮም። የጥንቷ ሮም ቋንቋ ላቲን ነበር። የምዕራቡ የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ ላቲን የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ሲቀጥል፣ ሕዝቡ በየአገሩ የሚናገረው ግን ከመጽሐፉ ቋንቋ እየራቀ ሄደ። የዛሬዎቹ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛና ሮማኒያኛ የተወለዱት ከዚሁ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ813 በፈረንሳይ ቱር ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ ምእመኑ ሁሉ እንዲረዳው ስብከት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እንዲሰጥ ወስነዋል። በዚህ ቋንቋ መናገርና መጻፍ በላቲን «ሮማኒኬ» ተባለ፤ «እንደ ሮማውያን አነጋገር» ማለት ነው። ከዚያ የጥንቱ ፈረንሳይኛ «ሮማንዝ» የሚለውን ቃል አወጣ። የሮማንስ የመጀመሪያ ትርጉም እንግዲህ «የሕዝብ ቋንቋ» ነበር።

ፍቅር የገባው ኋላ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ክሬቲያን ደ ትሯ ያሉ ደራስያን በዚያው የሕዝብ ቋንቋ የፈረሰኛ ጀግኖችን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። ጀግናው ሩቅ አገር ይሄዳል፣ ይፈተናል፣ ለሚወዳት ሴት መከራ ይቀበላል። ታሪኩም በተጻፈበት ቋንቋ ስም «ሮማንስ» ተባለ። ቃሉ ከዚያ በኋላ በየአገሩ የራሱን መንገድ ያዘ። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ዛሬ «ሮማን» ሲሉ ረጅም ልብ ወለድ ማለታቸው ነው። ለሩሲያውያን «ሮማንስ» የሚዜም ግጥም ነው። በእንግሊዝኛ ግን የፍቅር ትርጉሙ አየለ፤ ወደ እኛ የደረሰውም ይኸው ነው።

የኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ግእዝ ለረጅም ዘመን የጽሕፈትና የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ሲኖር፣ አማርኛ በአብዛኛው የአንደበት ቋንቋ ነበር። በወሎ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች አረብኛ የማያውቀው ሕዝብ እንዲረዳቸው መንዙማን በአማርኛ ደረሱ፤ አማርኛውንም በአረብኛ ፊደል ጻፉት። የመንዙማ ፍቅር ለፈጣሪና ለነቢዩ የሚቀርብ ነው። የመልእክቱ መንገድ ግን ከቱሩ ውሳኔ ጋር ይመሳሰላል፤ ሕዝቡን በሚሰማው ቋንቋ መድረስ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተደርጎ የሚቆጠረው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራም እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው እዚያው ሮም ከተማ ነው። ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ጦቢያ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣ ልጃገረድ ናት። ጦርነት፣ ስደት፣ ፍቅርና ጋብቻ በአንድ ታሪክ ይገናኛሉ፤ በቀድሞው ትርጉሙ ይህ ሮማንስ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ሲታተም፣ ፍቅር ከማዕረግና ከዘር ቆጠራ ጋር ሲጋጭ የሚከተለውን ጉዳት አሳየ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው የታሪኩ ባለቤት ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የወሎ ሰው ቃሉን በቀላሉ የሚረዳው በቅኝቶቹ በኩል ነው። ሮማንስ ከሮም ስሙን እንዳገኘ ሁሉ፣ ባቲና አምባሰልም የቦታ ስሞች ሆነው ሳለ የዜማ ስም ሆነዋል። «ትዝታ» ደግሞ በአንድ ቃል የልብ ስሜትም፣ ዘፈንም፣ ቅኝትም ነው። «አንቺ ሆዬ» ስትጨመር አራቱ ቅኝቶች ይሞላሉ። ናፍቆት፣ መለየት፣ አድናቆትና ልመና በእነዚህ ሲዜሙ የኖሩት «ሮማንስ» የሚለው ቃል ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው።

ስለዚህ ልጆች ቃሉን ሲያነሡ መቆጣት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ቃሉን ከውጭ መዋሳችንም ፍቅርን የምንገልጽበት ቃል አጥተን አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። የፈረንሳዮቹ ሮማንስ ስለተጻፈ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በደቦ፣ በሠርግና በእረኝነት የሚባሉ ብዙ የፍቅር ግጥሞች ግን ያሉት በአዛውንቶች አንደበት ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ። ዛሬ በብዙ ቤት ድምፅ የሚቀዳ የእጅ ስልክ አለ። አያት ይንገሩ፣ የልጅ ልጅ ይቅዳ፤ ግጥሙ የተባለበትን ቦታና ወቅት፣ የተናጋሪውንም ስም ጨምሮ በደብተር ያስፍር። ከዚያ በኋላ ወጣቱ «ሮማንስ» ቢልም፣ የአያቱ አገር በዚያ ቃል ውስጥ ምን እንዳላት ያውቃል።